ሜሪላንድ ውስጥ ይግባኙ ውድቅ ለሆነበት ፍርደኛ የቀረው ጊዜ አሥር ዓመት ነው ወይስ አንድ ዓመት?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድም (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ጃንዋሪ 2026

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሕግ የምታውቁ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትኖሩ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት (ጉዳዩን መጀመሪያ ባየው የስቴቱ ፍርድ ቤት) በጁሪ ተዳኝቶ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የአሥራ ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ የሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸናበት፤ የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ጉዳዩን እንዲመለከትለት ያቀረበውን ማመልከቻ ጁን 20 ቀን 2025 አልቀበልም ብሎ መለሰው። ይግባኙን የያዘው ጠበቃ ሥራው እዚህ ላይ ማብቃቱን የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ልኮ ተሰናበተን። ደብዳቤው ሌሎች አቤቱታዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ቢጠቅስም እስከ መቼ መቅረብ እንዳለባቸው አንድም ቀን አልጻፈም።

የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ምእመን «አሥር ዓመት ጊዜ አላችሁ፤ አትጣደፉ፣ ገንዘብ አሰባስባችሁ ጥሩ ጠበቃ ያዙ» ስላሉን፣ ቤተሰቡ ተመካክሮ በዕቁብና በመዋጮ ሁለት ዓመት ያህል ገንዘብ ለማጠራቀም ወስኖ ነበር። ወንድሜ ግን ባለፈው ሳምንት በስልክ ሲያናግረኝ፣ አብሮት የታሰረ ሰው «ያለህ አንድ ዓመት ብቻ ነው» እንዳለውና ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረኝ። የትኛው ነው ትክክል? ወንድሜ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት እንደሌለውም ልጨምር።

ምላሽ፦ የሕግ ቢሮ ረዳት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የወንጀል ይግባኝ በሚይዝ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። ስለዚህ የምጽፈውን ጠበቃ ሳያረጋግጥላችሁ የመጨረሻ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት እለምናለሁ።

ሁለቱም ሰዎች የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ፍርድ ቤቶች ነው። አሥር ዓመት የተባለው በሜሪላንድ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፖስት ኮንቪክሽን ለሚባለው፣ ፍርደኛው ከይግባኝ ውጭ ፍርዱን ለሚቃወምበት የስቴት አቤቱታ የተሰጠው ጊዜ ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ይግባኙ ካለቀበት ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ ነው። አንድ ዓመት የተባለው ደግሞ የስቴት ፍርደኛ «የታሰርኩት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በመጣስ ነው» ብሎ ለፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት የሚያቀርበው የሄቢየስ ኮርፐስ አቤቱታ ይርጋ፣ ማለትም የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ነው። ይህ ይርጋ የመጣው ከኦክላሆማ ሲቲው የቦምብ ጥቃት በኋላ ፕሬዚዳንት ክሊንተን አፕሪል 24 ቀን 1996 በፈረሙት ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት ለስቴት ፍርደኞች በዓመት የተወሰነ ገደብ አልነበረም።

የእናንተ አደጋ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። የሜሪላንድ በር ለአሥር ዓመት ክፍት መሆኑ የፌዴራሉን ሰዓት ለአንድ ቀን እንኳ አያቆመውም። የሚያቆመው በሥርዓቱ የቀረበና በመታየት ላይ ያለ የስቴት አቤቱታ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ገንዘብ ስታጠራቅሙ ቆይታችሁ ፖስት ኮንቪክሽን ብታስገቡ ሜሪላንድ በደስታ ተቀብላ ታየዋለች። በመጨረሻ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ስትሄዱ ግን ዓመቱ ካለቀ ቆይቷልና ፍሬ ጉዳዩን የሚያነብላችሁ ዳኛ አታገኙም።

አሁን የእናንተን ቀን እናስላ። ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው የጥፋተኝነት ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነበት ቀን ነው። ወንድምዎ እስከ ሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ስለሄደ፣ ባይጠቀምበትም እንኳ ለዋሽንግተኑ የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማመልከት የሚችልበት 90 ቀን ይታሰብለታል። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ 90ኛው ቀን ሴፕቴምበር 18 ቀን 2025 ላይ ይውላል፤ ወደ ዋሽንግተን ካላመለከተ ውሳኔው የመጨረሻ የሆነው በዚያ ቀን ነው ማለት ነው። ስለዚህ በመካከል ሰዓቱን የሚያቆም ነገር ካልቀረበ፣ የፌዴራሉ ዓመት የሚያበቃው ሴፕቴምበር 18 ቀን 2026፣ ዓርብ ዕለት ነው። እግረ መንገዴን ላስታውስ፣ ወደ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳያመለክት የቀረ ሰው ይህን 90 ቀን አያገኝም። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በጎንዛሌዝ መዝገብ እንደወሰነው፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ውሳኔው የመጨረሻ የሚሆነው ወደ ስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት የሚችልበት ጊዜ ባለፈ ዕለት ነው። ስለዚህ ይህን ስሌት ለሌላ ሰው ጉዳይ እንዳለ አትገልብጡት።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ሌላው ነገር፣ የስቴቱ አቤቱታ ሰዓቱን ቢያቆመውም ወደ ዜሮ የማይመልሰው መሆኑ ነው። ለምሳሌ ፖስት ኮንቪክሽኑን ፌብሯሪ 18 ቀን 2026 ብታስገቡ ከዓመቱ 153 ቀን ተበልቶ 212 ቀን ይቀራል። አቤቱታው በስቴቱ ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት ቢቆይ እንኳ 212ቱ ቀን ሳይነካ ይጠብቃችኋል። አቤቱታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ለሜሪላንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የይግባኝ ፈቃድ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል፤ ይህም በመታየት ላይ እያለ ሰዓቱ እንደቆመ ይቆያል። ፈቃዱ በተከለከለ ማግሥት ግን የቀረው ቀን ወዲያውኑ መቆጠር ይጀምራል። በቀጥታ ይግባኙ ጊዜ የተሰጠው ዓይነት የ90 ቀን እፎይታ እዚህ የለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንን በ2007 በሎረንስ መዝገብ ዘግቶታል። ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የስቴት አቤቱታ ያስገባ ሰው፣ ከስቴቱ ውሳኔ በኋላ የፌዴራሉን አቤቱታ አዘጋጅቶ ለማቅረብ የሚኖረው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

«ታዲያ ዛሬውኑ አንድ ነገር ጽፈን እንላክ» እንዳትሉ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሜሪላንድ ለአንድ ፍርድ የምትፈቅደው አንድ የፖስት ኮንቪክሽን አቤቱታ ብቻ ነው፤ የተዘጋን አቤቱታ ማስከፈት በዳኛው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያም ሆኖ የቀረበን አቤቱታ ማሻሻል በሰፊው ይፈቀዳል። ስለሆነም የተለመደው አካሄድ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ አቤቱታ በጊዜ አስገብቶ፣ ጠበቃው መዝገቡንና የችሎቱን ግልባጭ ካነበበ በኋላ ማሻሻያ ማቅረብ ነው። «ጠበቃዬ በብቃት አልተከላከለልኝም» የሚለው ክርክር በሜሪላንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በቀጥታ ይግባኝ ሳይሆን እዚህ ላይ በመሆኑ፣ ለብዙ ፍርደኛ እውነተኛው ዕድል ያለው በዚህ አቤቱታ ውስጥ ነው። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ስቴቱ የወሰነውን በቀላሉ አይነካም፤ እኔ ራሴ ለደንበኞች ቤተሰብ ተስፋቸውን ሁሉ እዚያ ላይ እንዳይጥሉ እነግራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በሩን በቸልተኝነት መዝጋት ሌላ ነገር ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል ልበል። በሜሪላንድ የመጀመሪያውን ፖስት ኮንቪክሽን ያቀረበ ሰው የጠበቃ እርዳታና ችሎት የማግኘት መብት አለው። አቅም ለሌለው ይህንን የሚሠራ ክፍል በስቴቱ የፐብሊክ ዲፌንደር ቢሮ ውስጥ አለ። የፌዴራሉ አቤቱታ ማስገቢያ ደግሞ አምስት ዶላር ነው፤ በዚያ ግን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የለም። ስለዚህ ዕቁቡ እስኪደርሳችሁ የምትጠብቁበት ምክንያት አይታየኝም።

ምላሽ፦ ከባልቲሞር

ከላይ የተጻፈውን በቤተሰባችን ስላየነው ልመስክር። የአክስቴ ልጅ የስቴቱን አቤቱታ ያስገባው ቀጥታ ይግባኙ ካለቀ በሦስተኛው ዓመት ነበር። የዘገየነውም በእኛው ማኅበረሰብ ዘንድ ጥሩ ስም የነበረው አንድ የሕግ ባለሙያ «ጊዜ አለ» እያለ ስላቆየን ነው። የስቴቱ ዳኛ ቀኑን ሙሉ ምስክር ሰምተው፣ የመጀመሪያው ጠበቃ የስልክ መዝገቦችን አለማስቀረቡ ስሕተት መሆኑን አምነው፣ ነገር ግን ውጤቱን አይለውጠውም ብለው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ። በዚህ «አይለውጠውም» በሚለው ነጥብ ላይ ነበር ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሄድነው። ከዚያ የመጣው ውሳኔ ግን ስለ ስልክ መዝገብ አንድም ቃል የለበትም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ቀን ሲቆጥር ነው የሚያልቀው። አክስቴ እንድተረጉምላት ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደማስረዳት ጨንቆኝ ነበር፤ ምክንያቱም ስለ ልጇ ጥፋተኝነት ወይም ንጽሕና የሚናገር ነገር አልነበረውም።

ምላሽ፦ የአሌክሳንድሪያው

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ወሰኑን ተሻግሮ ለሚያነብ እንዲጠቅም ብዬ ልጨምር። በእኛ ስቴት የስቴቱ የሄቢየስ አቤቱታ መቅረብ ያለበት የሥር ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ ከሰጠበት በሁለት ዓመት፣ ወይም ቀጥታ ይግባኙ በስቴቱ ፍርድ ቤት ካለቀበት በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያበቃው ነው የሚያዘው። የፌዴራሉ አንድ ዓመት ግን በሁለቱም ስቴቶች አንድ ነው።

ከዚህ ውጭ፣ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ጊዜው ቢያልፍበት ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ተቀብሎ ይርጋውን እንደሚያነሣለት ሰምቻለሁ። ጠያቂው ይህንንም በመጠባበቂያነት ቢይዙት አይከፋም።

ምላሽ፦ የሕግ ቢሮ ረዳት

ስለ ቨርጂኒያው የጻፉት ልክ ነው። የቋንቋውን ነገር ግን በመጠባበቂያነት መያዝ አደገኛ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በሆላንድ መዝገብ፣ የአንድ ዓመቱ ይርጋ በርትዕ (ፍትሐዊነትን በማየት) ምክንያት ሊታገድ እንደሚችል ወስኗል። ሁለት ነገሮች ግን አብረው መገኘት አለባቸው፤ እነሱም ፍርደኛው መብቱን በትጋት ሲከታተል የቆየ መሆኑና በጊዜው እንዳያቀርብ ያገደው ከተለመደው የወጣ ሁኔታ መኖሩ ናቸው። የሆላንድን ታሪክ ብትመለከቱ መለኪያው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባችኋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሞት የተፈረደበት ይህ ሰው ለተመደበለት ጠበቃ ስለ ቀነ ገደቡ እየጠቀሰ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጽፎለት መልስ አላገኘም፤ ጠበቃው እንዲቀየርለት ለፍርድ ቤት አመልክቶም ተከልክሏል። የስቴቱ ፍርድ ቤት አቤቱታውን ውድቅ ማድረጉን ያወቀው ከጠበቃው ሳይሆን በእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሲያነብ ነበር፤ እንዳወቀም ሳይውል ሳያድር አቤቱታውን በገዛ እጁ ጽፎ ላከ። እንዲያም ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያደረገው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መመለስ ነው። የጠበቃ ተራ ቸልተኝነት፣ ለምሳሌ ቀን አሳስቶ መቁጠር፣ እንደማይበቃም በዚያው ውሳኔ ተጽፏል።

ቋንቋን በተመለከተ በምዕራቡ ጠረፍ ያለው የዘጠነኛው ሰርኪዩት (የፌዴራል ይግባኝ ክልል) ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2006፣ በእስር ቤቱ በቋንቋው የተጻፈ የሕግ መረጃ ያላገኘና ተርጓሚ ለማግኘት ጥሮ ያጣ ሰው ይርጋው ሊታገድለት እንደሚችል ተቀብሏል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን በአራተኛው ሰርኪዩት ሥር ናቸው፤ በዚህ ሰርኪዩት ሕጉን አለማወቅ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የወንድምዎ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ይሆናል፤ ጊዜው ሳያልፍ አብሮት የታሰረው ሰው እንደነገረውና እናንተም እዚህ ጠይቃችሁ እንደተመለሰላችሁ እየታወቀ «አላወቅንም» ማለት አይቻልም።

ሕጉ ራሱ ዓመቱ ዘግይቶ የሚጀምርባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል ቀደም ሲል በትጋት ተፈልጎ ሊገኝ ያልቻለ አዲስ ፍሬ ነገር መገኘቱ አንዱ ነው። አሳማኝ የንጽሕና ማስረጃ ላለው ሰው ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በፐርኪንስ መዝገብ ጠባብ በር ከፍቷል፤ ማስረጃው በምክንያታዊነት የሚያስብ ማንም ጁሪ ጥፋተኛ አይለውም የሚያሰኝ መሆን አለበት። ሁለቱም እናንተ በጻፋችሁት ላይ አይታዩም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀኑን ከማንም ሰው አፍ፣ ከዳኛም ጭምር፣ ሰምታችሁ አትቀበሉ። ቦልስ የሚባል የኦሃዮ ፍርደኛ የሄቢየስ አቤቱታው ውድቅ ሆኖበት ይግባኝ የሚልበት ጊዜ እንዲከፈትለት ጠይቆ ነበር። ሕጉ የሚፈቅደው 14 ቀን ሆኖ ሳለ ዳኛው በስሕተት 17 ቀን ሰጡት፤ እሱም ዳኛው በሰጡት ቀን ውስጥ፣ ነገር ግን ከ14ኛው ቀን በኋላ ይግባኙን አስገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 በአምስት ለአራት ድምፅ ይግባኙ ዘግይቷል ብሎ ዘጋበት። የዚያ መዝገብ ገደብ ከእናንተው የተለየና በርትዕ እንኳ የማይታለፍ ነው፤ ይሁንና ይህን ውሳኔ ያነበበ ሰው የፍርድ ቤት ጸሐፊ በስልክ የነገረውን ቀን ይዞ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረን የሁለት ዓመቱን ዕቅድ ትተነዋል። ሦስት ነገሮች ብቻ ልጠይቅ። ወንድሜ ያለበት እስር ቤት ብዙ ጊዜ ታራሚዎች ከክፍላቸው እንዳይወጡ ስለሚዘጋባቸው፣ አቤቱታውን እኔ ፈርሜ ላስገባለት እችላለሁ? ፖስታ ቢዘገይስ? የግሪን ካርዱስ ጉዳይ?

ምላሽ፦ የሕግ ቢሮ ረዳት

መፈረም ያለበት እሱ ራሱ ወይም ጠበቃው ነው። በአእምሮ ሕመም ወይም በመሰለው ምክንያት ራሱ ማቅረብ ለማይችል ሰው ብቻ የቅርብ ሰው በስሙ ሊቀርብለት ይችላል፤ የክፍል መዘጋት ለዚህ አይበቃም። የኢሚግሬሽን ቅጽ የሚሞሉ የትርጉም ቢሮዎች «እኛ እናዘጋጅላችኋለን» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ።

ፖስታውን በተመለከተ፣ ጠበቃ የሌለው ታራሚ የፌዴራል አቤቱታውን ለእስር ቤቱ ኃላፊዎች ያስረከበበት ቀን እንደቀረበበት ቀን ይቆጠርለታል፤ ይህ ከ1988 የሂውስተን ውሳኔ ጀምሮ የጸና ነው። ስለዚህ በእስር ቤቱ የሕጋዊ ደብዳቤ መዝገብ በኩል ይላክ፣ ቀኑንም በአቤቱታው መጨረሻ ላይ በመሐላ ቃል ይጻፍ። በቤተሰብ እጅ አልፎ የሚላክ ወረቀት ይህን ጥቅም አያገኝም።

እናንተ ከውጭ ሆናችሁ የምትሠሩት ብዙ ነው። በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የመዝገብ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የጉዳዩን ቁጥር አስገብታችሁ እያንዳንዱ ትእዛዝ የተሰጠበትን ቀን አትሙ። «ጁን 20» ያላችሁት ትእዛዙ የተሰጠበት ቀን ይሁን ወይስ ደብዳቤው የደረሳችሁ ቀን አረጋግጡ፤ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ፖስታው የደረሰበትን ቀን ይዞ ሲቆጥር አይቻለሁ። የችሎቱን ግልባጭ ከይግባኝ ጠበቃው ጠይቁ፤ ፋይሉ የደንበኛው ነውና ወንድምዎ በጽሑፍ ቢጠይቀው ሊልክለት ይገባል።

ምላሽ፦ የኢሚግሬሽን ጠበቃ

ስለ ግሪን ካርዱ እኔ ልመልስ። ወንጀሉ ከአገር የሚያስባርር ከሆነ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ፣ አንዳንዴም ገና በእስር ላይ እያለ ሊይዙት ስለሚችሉ፣ የፖስት ኮንቪክሽን ጠበቃው ይህንን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ መዝገብ፣ ዜጋ ያልሆነን ተከሳሽ የሚወክል ጠበቃ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ሊመክረው እንደሚገባ ወስኗል። ወንድምዎ ግን በጁሪ ስለተከራከረ ይህ ነጥብ በቀጥታ አይመለከተውም፤ ቀርቦለት የነበረ የድርድር ሐሳብ እንደነበረና ጠበቃው ስለ እሱ ምን እንደመከረው ግን ጠይቁት።

ሜሪላንድ ውስጥ ቅጣቱ በተወሰነ በ90 ቀን ውስጥ የሚቀርብ የቅጣት ማሻሻያ ጥያቄም አለ። ጠበቃው አስገብቶት እንደነበረ ከመዝገቡ ተመልከቱ። ለኢሚግሬሽን ግን በምሕረት ወይም በመልካም ጠባይ የተቀነሰ ቅጣት አይጠቅምም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ከ2003 ጀምሮ እንደያዘው፣ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሻረው በክርክሩ ሂደት ወይም በሕጉ ላይ በነበረ ጉድለት ምክንያት መሆን አለበት።

ቅጣቱን፣ አመክሮውንም ጭምር ጨርሶ የወጣ ሰው በእስር ወይም በቁጥጥር ሥር ስላልሆነ ሄቢየስ ማቅረብ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሜሪላንድ ኮራም ኖቢስ የሚባል ሌላ አቤቱታ አላት፤ በቀን የተወሰነ ገደብ ባይኖረውም ያለ ምክንያት የዘገየ ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። ወንድምዎ ገና ብዙ ዓመት ስለሚቀረው ለጊዜው ወደዚያ አትሂዱ።

ምላሽ፦ የሕግ ቢሮ ረዳት

ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧቸው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2026 በኢትዮጵያ መስከረም 8 ቀን 2019 ነው፤ «እስከ መስከረም» ብላችሁ ብታልፉት የመስከረም መጨረሻ ማለት ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። የፖስት ኮንቪክሽን አቤቱታው የሚገባው ወንድምዎ ወደታሰረበት ካውንቲ ሳይሆን ጥፋተኛ ወደተባለበት ካውንቲ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ለፐብሊክ ዲፌንደር ቢሮው የሚጻፈውን ደብዳቤ ደግሞ በዚህ ሳምንት ላኩት፤ ቢሮው ጉዳዩን ከፍቶ ጠበቃ እስኪመድብ ራሱን የቻለ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መካከልም የፌዴራሉ ሰዓት መቁጠሩን አያቆምም።